ልጁን የት እናስገባው? ከስደት ለተመለሱና ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች የደሴና የኮምቦልቻ የትምህርት አማራጮች ንጽጽር

የአክስቴ ልጅ ኻርቱም ብዙ ዓመት ኖራለች። ሚያዝያ 2015 ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ሦስት ልጆቿን ይዛ በመተማ ገባች። ደሴ መጥታ ጢጣ እኛ ሰፈር ቤት ተከራየች። ልጆቹ አማርኛ ይናገራሉ፤ እናታቸው ስትቆጣ የምትናገረውን የወሎ አማርኛ። ፊደል ግን አንድም አያውቁም።

ትልቋ 12 ዓመቷ ነበር። ኻርቱም 6ኛ ክፍል ደርሳለች። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይዣት ለምዝገባ ሄድኩ። መምህሩ ወረቀት ሰጥቶ 25 ሲደመር 30 አላት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ከቀኝ ጠርዝ ጀምራ ጻፈች። ዓይን እስኪጨፈን አልፈጀባትም። መምህሩ አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ሁለት ዜሮ ነው የጻፈችው» አለኝ። የአረቡ አምስት የእኛን ዜሮ ይመስላል፣ ክብ ነው። የእነሱ ዜሮ ነጥብ ናት። ልጅቷ ሃምሳ አምስት ብላ ነበር የጻፈችው። ልክ ነበረች። ያም ሆኖ 2ኛ ክፍል ተመደበች።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የዘመድ ዘመድ እየመጣ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፦ «የቱ ትምህርት ቤት ይሻላል?» ለእነዚህ ልጆች ጥያቄው ይሄ አይደለም። ጥያቄው «ስንተኛ ክፍል ያስገቡታል? በምን ፈትነው?» ነው። ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት ልጁን ከእኩዮቹ አራት ዓመት ዝቅ አድርጎ ካስቀመጠው ስሙ አያድነውም።

ይህ ጽሑፍ ለሦስት ዓይነት ቤተሰብ ነው። አንደኛ፣ ከሱዳን፣ ከሳዑዲ ወይም ከሌላ አረብ አገር ለተመለሱ። ልጆቻቸው በዜግነት ኢትዮጵያዊ ናቸው፣ አገሩ ግን ለእነሱ አዲስ አገር ነው። ሁለተኛ፣ ከወለጋና ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ አካባቢ ጃሪና ቱርክ ካምፕ ለተጠለሉ። ሦስተኛ፣ የውጭ ዜጋ ሆነው በስደተኝነት ለተመዘገቡ። ለሦስተኞቹ አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የስደተኛ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ትምህርት ቤት «ለውጭ ዜጋ አይቻልም» ካላችሁ ይህን ቁጥር ጥሩ።

መጀመሪያ መለኪያው

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ። መለኪያዎቼ ስድስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከቀሩት አራቱ ይበልጡብኛል።

የክፍል ምደባ። ትምህርት ቤቱ ልጁን እንዴት ይፈትነዋል? በአማርኛ ጽሑፍ ብቻ ከፈተነው የሚለካው ፊደል ማወቁን ነው። ሂሳብ ማወቁን አይለካም። ስለዚህ ሂሳቡ ለብቻው፣ ቋንቋው ለብቻው እንዲታይ ጠይቁ። ሂሳቡን በቃል ይጠይቁት። በአረብኛ ቁጥር የሚጽፍ ልጅ ከሆነ አረብኛ የሚያነብ ሰው አጠገቡ ይቁም። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቁርዓን የቀራ ሰው ማግኘት ችግር አይደለም። እኔም በመጨረሻ የሠፈራችንን ሼህ ነው ይዤ የተመለስኩት። እሳቸው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ለመምህሩ አነበቡለት። መምህሩም ደግ ሰው ነበር፣ ሳቀ። ልጅቷ 4ኛ ክፍል ገባች፤ ከመንፈቅ በኋላ እንደገና ትታያለች ተባለ።

«ከመንፈቅ በኋላ እንደገና ትታያለች» የምትለዋን ቃል ከየትም ትምህርት ቤት ሳትቀበሉ አትውጡ። ከተቻለ በጽሑፍ።

ከውጭ የመጣ ወላጅ ክፍሉን በአረብኛ ስም ነው የሚያውቀው። እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይፈጠራል። የእኛ ሥርዓት አሁን ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7 እና 8 መካከለኛ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ነው። የሳዑዲው 6፣ 3፣ 3 ነው። ስለዚህ «አወል ሙተወሲጥ» 7ኛ ነው፣ «ሳልስ ሙተወሲጥ» 9ኛ ነው፣ «አወል ሳነዊ» 10ኛ። ሱዳን ደግሞ ለብዙ ዓመት 8 እና 3 ነበር፣ ጠቅላላ 11 ዓመት። በዚያ ሥርዓት «አወል ሳነዊ» 9ኛ ክፍል ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ሱዳንም ወደ 6፣ 3፣ 3 መመለስ ጀምራ ነበር። ስለዚህ «ሳነዊ አንድ ጨርሷል» ብቻ አትበሉ። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስንት ዓመት ተማረ? እሱን ቆጥራችሁ ተናገሩ።

ቋንቋና ፊደል። አማርኛ መናገርና አማርኛ ማንበብ ሁለት ነገር ነው። ከወለጋ የመጣ ልጅ ቤቱ አማርኛ እያወራ ትምህርቱን በኦሮምኛ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ተምሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ ማንበብ ያውቃል፤ የማያውቀው ፊደሉን ነው። አንድ ጽሕፈት የሚያነብ ልጅ ሁለተኛውን ቶሎ ይይዛል። 33ቱ ፊደል በ7 ቤት 231 ነው፤ ብዙ ይመስላል እንጂ መልኩ ይደጋገማል። በቀን አንድ ሰዓት ክረምቱን ሙሉ የተቀመጠ የ12 ዓመት ልጅ መስከረም ላይ እየተንተባተበም ቢሆን ያነባል። የእኛዋ ካዕብና ሣልስ ላይ አልተቸገረችም፣ ሳድስ ነው ያስለቀሳት።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ለአረብ አገር ልጅ ይህ አንዳንዴ እፎይታ ነው፣ አንዳንዴ ሁለተኛ ግድግዳ።

ወረቀት። ትምህርት ቤቱ ምን ይጠይቃል? መሸኛ፣ ካርድ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የወላጅ መታወቂያ የተለመዱት ናቸው። ከጦርነት የወጣ ሰው ካርድ ፈልጎ አይመለስም። በሊሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፋንታ በሚሰጥ የጉዞ ወረቀት፣ የመጣች እናትም ከሻንጣዋ ውጪ የላትም። እዚህ ላይ የሚለያየው ትምህርት ቤቱ «ወረቀቱን አምጡና ኑ» ይላል ወይስ «ልጁ ይግባ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ይላል የሚለው ነው።

እውነተኛ ወጪ። የወር ክፍያ ብቻ ወጪ አይደለም። ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ መዋጮ፣ ምሳ፣ ባጃጅ አለ። እንበል ባጃጅ በአንድ ጉዞ 15 ብር ነው። ደርሶ መልስ 30፣ በወር 22 የትምህርት ቀን 660 ብር። ሦስት ልጅ ካለ 1,980። «ነፃ» የተባለ ትምህርት ቤት ሩቅ ከሆነ ነፃ አይደለም።

መንገድ። ደሴ ዳገት ናት። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ እግር ሥር። ክረምት ላይ ጉሙ ከቀትር በኋላም አይገፈፍም። ከኻርቱም ሙቀት የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ወር በጉንፋን ነው የሚያሳልፈው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሞቅ ትላለች፣ ለጥ ያለ መሬትም አላት። ግን ሰፈሩ በፋብሪካና በዋናው መንገድ የተቆራረጠ ነው፤ የአሰብ ወደብ ዘመን ቢያልፍም ከባድ መኪና አይጠፋም። ትንሽ ልጅ አስፋልት ይሻገራል ወይ? ይህን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ።

ቤተሰቡ እንደገና ቢነሳስ? ተፈናቃይ ሰው ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም። ወደ ቀዬው ሊመለስ ይችላል። ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ካርድና መሸኛ ሌላ ቦታ ይሠራል ወይ? ይህ ጥያቄ የሚያስፈልገው በተለይ ጊዜያዊ ትምህርት ላይ ነው።

አማራጭ አንድ፦ ሰፈር ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው ይህን ነው፤ ክፍያ ስለሌለው ብቻ አይደለም።

አንደኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሌላው በተሻለ ያለ ወረቀት ይቀበላል። ርዕሰ መምህሩ ቢያመነታ እንኳ ከላይ የከተማው ትምህርት መምሪያ አለ። ደሴም ኮምቦልቻም የየራሳቸው መምሪያ አላቸው። እዚያ ሄዶ የትብብር ደብዳቤ መጠየቅ ይቻላል። የግል ትምህርት ቤት «አልቀበልም» ካለ ግን ነገሩ እዚያው አለቀ።

ሁለተኛ፣ መሸኛው በየትኛውም ክልል ይሠራል። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናም፣ ማትሪክም ላይ ስሙ ያለ ችግር ይመዘገባል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያነሳውም። የደሴ መምህር መፈናቀልን ያውቀዋል። በ2013 ክረምት የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ከሰሜን ወሎ የመጣ ተፈናቃይ አስጠልለው ነበር። ዴስኩ ተነስቶ ሰው መሬት ላይ ይተኛ ነበር። በ2014 ጥቅምት ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ ራሳቸው ተራቸው ደረሰ፣ መምህሩም ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወጣ። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ፊት ስትቀመጡ አትሸማቀቁ። የመጣችሁበትን ንገሩት። የሚገባው ሰው ነው።

ጉድለቱስ? ክፍሉ ይጨናነቃል። በ2015 መተግበር የጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ያልደረሰበት ክፍል አለ፤ ሁለትና ሦስት ልጅ በአንድ መጽሐፍ ሊማር ይችላል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው፣ ግማሽ ቀን ብቻ። ለየት ያለ እርዳታ ለሚፈልግ ልጅ መምህሩ ጊዜ የለውም። ፊደል ያልያዘ ልጅ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓመቱን ሙሉ ከሰሌዳ «ሊስል» ይችላል፤ ሳያነብ ይገለብጣል፣ ደብተሩ ያምራል፣ ወላጅ ይደሰታል። እንዲህ ዓይነት ደብተር አይቼ ተታልያለሁ። ልጁን የራሱን ደብተር አስነብቡት።

ፈረቃ ግን ሁሌም ጉዳት አይደለም። ከሰዓት ነፃ የሆነ ልጅ ፊደል ሊማርበት ይችላል። አንድ የ10ኛ ክፍል የጎረቤት ልጅ ለማስጠናት ወጪው ቀላል ነው።

መዋጮ ይጠየቃል። አቅም ከሌላችሁ ከቀበሌ ወይም ከመጠለያው ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ይዛችሁ እንዲቀርላችሁ ጠይቁ። ምገባ አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ካለ፣ ለብዙ ልጅ ቤተሰብ ውሳኔውን እዚያው ይጨርሰዋል።

አማራጭ ሁለት፦ የግል ትምህርት ቤት

ከአረብ አገር ትንሽ ገንዘብ ይዞ የተመለሰ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ግል ነው። ይገባኛል። ልጆቼ ተጎድተዋል፣ ልካሳቸው ይላል።

የግል ትምህርት ቤት ክፍሉ ያነሰ ነው፣ መምህሩ የልጁን ስም ያውቃል፣ ማጠናከሪያ አለው። እንግሊዝኛው ብዙውን ጊዜ ከታች ክፍል ይጠነክራል። ልጁ ሳዑዲ ወይም ሱዳን ጥሩ እንግሊዝኛ ይዞ ከመጣ ይህ ይጠቅመዋል። አማርኛው ላይም ብዙ ሰዓት የሚሰጥ ከሆነ ጥሩ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንዱ የመግቢያ ፈተናው ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤት ውጤቱ እንዲያምርለት ስለሚፈልግ ደካማ የሚመስል ልጅ አይወስድም፣ ወይም ዝቅ አድርጎ ይወስዳል። ዝቅ ባለ ቁጥር ደግሞ የሚከፈልበት ዓመት ይጨምራል። ይህን አስቡበት። ሁለተኛው ገንዘቡ የማይዘልቅ መሆኑ ነው። የተመላሽ ገንዘብ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ብዙ ይመስላል። ሁለተኛው ዓመት ላይ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ ሥራው ደግሞ እንዳሰቡት አይሆንም። አንድ ልጅ በዓመቱ መካከል ከግል ሲወጣ፣ ያልተከፈለ ክፍያ አለ ተብሎ ካርዱ ሲያዝ አይቻለሁ። ስለዚህ የ10 ወር ክፍያ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚችል አቅም ከሌላችሁ አትጀምሩት። ያንን ገንዘብ ለመንግሥት ትምህርት ቤትና ለጥሩ አስጠኚ ብታካፍሉት ልጁ የበለጠ ያተርፋል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ከአክስቴ ልጅ ጋር ግን እስካሁን እንከራከርበታለን።

አማራጭ ሦስት፦ በሃይማኖት ተቋማትና በድርጅቶች የሚተዳደሩ

በግልና በመንግሥት መካከል ናቸው። ክፍያቸው አነስ ይላል፣ ሥነ ሥርዓታቸው ጠንካራ ነው፤ ለችግረኛ ልጅ ነፃ ቦታ የሚሰጡም አሉ። ቦታው ግን ጥቂት ነው፤ በሐምሌ ካልጠየቃችሁ ነሐሴ ላይ አይገኝም። ወሎ ስለሆነ ሙስሊሙ ልጅ ሚሲዮን ሲማር፣ ክርስቲያኑም በሙስሊም ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ሲማር ማንም አይደነቅም። የሃይማኖት ትምህርቱ ለሁሉም ግዴታ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም።

መድረሳንና የቄስ ትምህርትን እዚህ አላስገባሁም። ከመደበኛው ጎን ለጎን እንጂ በሱ ፋንታ መሆን የለባቸውም።

አማራጭ አራት፦ የተፋጠነ ትምህርትና የመጠለያ ውስጥ ክፍሎች

ዕድሜው ለገፋ፣ ጨርሶ ትምህርት ቤት ላልገባ ወይም አቋርጦ ለቆየ ልጅ ነው። «ስፒድ ስኩል» ሲባል የሰማችሁት አለ፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለውን በ10 ወር አጠናቅቆ ልጁን ወደ መደበኛው 4ኛ ክፍል የሚያሸጋግር ነው። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ልጆቹ እኩያ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከወለጋ ከመጣ ቤተሰብ አንድ የ13 ዓመት ልጅ አውቃለሁ። 2ኛ ክፍል ገብቶ ነበር። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አይገባም፣ በጎን ይቀመጥ ነበር። የክፍሉ ልጆች «ጋሼ» ይሉታል። ለመቀለድ አይደለም፤ ከልባቸው ነው። እሱን የገደለውም ይሄ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ለእህቱ ሰጥቶ ሊስትሮ ሆነ። እንዲህ ያለ ልጅ የሚድነው ከእኩዮቹ ጋር ሲቀመጥ ነው።

ችግሩ ይህ ዓይነቱ ክፍል በድርጅት በጀት የሚሄድ መሆኑ ነው። በአንድ ዓመት ይኖራል፣ በሌላው ይዘጋል። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የትኛው መደበኛ ትምህርት ቤት ነው የሚቀበለው? የሚሰጠውን ማስረጃስ ትምህርት መምሪያው ያውቀዋል ወይ? መልሱ «እናያለን» ከሆነ ልጁን በትይዩ መደበኛ ትምህርት ቤት አስመዝግቡት።

መጠለያ ውስጥ በድንኳን የሚሰጠውም እንደዚሁ ነው። ምንም ከሌለ ይሻላል። ሰፈር ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ግን ከሱ ይሻላል፤ ልጁ ከከተማው ልጅ ጋር ይተዋወቃል።

አማራጭ አምስት፦ በኦሮምኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት

ከወለጋ የመጣ የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉንም ነገር በቁቤ የተማረ ከሆነ ይህን መንገድ አትናቁት። ከሚሴ ከኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ትምህርቱ በኦሮምኛ ይሰጣል። ዘመድ ያለው ሰው ልጁን እዚያ አስቀምጦ 8ኛን ቢያስጨርሰው፣ 9ኛ ላይ እንግሊዝኛው ሁሉንም ስለሚያስተካክለው ወደ ደሴ ቢያመጣው ዓመት አያባክንም። ቤተሰብ መለየቱ ግን ቀላል አይደለም። ከጦርነት የወጣን ልጅ ከእናቱ መለየት ደግሞ ይብሳል። ለትንንሾቹ አልመክረውም፤ እነሱ ፊደሉን በአንድ ዓመት ይይዙታል።

አማራጭ ስድስት፦ የማታ ትምህርትና ሙያ

17 እና 18 ዓመት ሞልቶት 5ኛ ክፍል ላይ የቀረ ወጣት ቀን ተማር ቢባል አይሄድም። ቤተሰቡም የሱን ሥራ ይፈልጋል። የማታ ትምህርት ለእንዲህ ያለው ነው። መምህሩ ይደክመዋል፣ ተማሪው ይደክመዋል፣ ግን ክፍል ይቆጠራል። የመንገድ ነገር እዚህ ላይ ከሁሉም ይበልጣል፤ ስንት ሰዓት ይለቀቃል፣ ባጃጅስ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? በተለይ ለሴት ልጅ ይህ ካልተመለሰ አትጀምሩ።

ሙያ ሌላው መንገድ ነው። ደሴ ወይዘሮ ስኂን አለ። አያቶቻችን «ስኂን ተምሬ» ሲሉ የሚኮሩበት፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። ኮምቦልቻም የራሱ ፖሊ ቴክኒክ አለው። መደበኛው ፕሮግራም የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል። አጫጭር ሥልጠናው ግን ቀለል ይላል፤ ምን እንዳለ ሄዶ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ማንበብ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስላለ ሥልጠናና ሥራ ይቀራረባሉ።

ስህተቱ ገና 14 ዓመት ያልሞላውን ልጅ «ሙያ ይማር» ብሎ ጋራዥ መስጠት ነው። ሙያ አይማርም፣ ጎማ ይሸከማል።

በአንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | የክፍል ምደባ | ቋንቋ | ያለ ወረቀት | ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| የመንግሥት | መደራደር ይቻላል | አማርኛ፣ ድጋፍ ጥቂት | የተሻለ ዕድል | ዝቅተኛ፣ መዋጮና መንገድ አለ | ለአብዛኛው |
| የግል | ጥብቅ ፈተና | እንግሊዝኛ ይጠነክራል | ይከብዳል | ከፍተኛ | የሁለት ዓመት ክፍያ ለያዘ |
| የሃይማኖትና የድርጅት | እንደ ቦታው | አማርኛና እንግሊዝኛ | እንደ ተቋሙ | መካከለኛ | ቀድሞ ለጠየቀ |
| የተፋጠነ | ከእኩያ ጋር | ፊደል ከመጀመሪያው | ቀላል | ነፃ | ዕድሜው ለገፋ፣ ላልጀመረ |
| በኦሮምኛ | በነበረበት ክፍል | ኦሮምኛ | መካከለኛ | ርቀትና ማደሪያ | በቁቤ ለተማረ የ7ኛ፣ 8ኛ |
| የማታና ሙያ | ዝቅ ቢልም አያሳፍርም | አማርኛ | አጭር ሥልጠና ቀላል | ዝቅተኛ | ከ17 ዓመት በላይ |

እንደየቤቱ ሁኔታ

ገንዘብ የለም፣ ሦስትና አራት ልጅ አለ? ሁሉንም አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገቡ፤ በእግር የሚደረስበት ይሁን። ትልቁ ትንሹን ይዞ ይሄዳል፤ ባጃጁ ይቀራል። የተረፈችውን ብር ፊደል ለሚያስጠና ሰው ስጡ።

ትንሽ ገንዘብ ያለው ቤት ሁሉንም ልጅ ግል ከማስገባት አንዱን ቢመርጥ ይሻላል። የቱን? ጎበዙን አይደለም። ፈተና የቀረበበትን፣ 7ኛ ወይም 8ኛ ላይ ያለውንና እንግሊዝኛ የሚያንሰውን። ትንንሾቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይበቃቸዋል፣ ጊዜ አላቸው።

ልጁ 11ኛ ወይም 12ኛ ላይ ያለና ከውጭ የመጣ ከሆነ ከምዝገባው በፊት የአቻ ግምቱን፣ ማለትም የውጭው ትምህርት ከእኛ ስንተኛ ክፍል ጋር እኩል እንደሆነ የማስወሰኑን ነገር ጨርሱ። ማትሪክ ሲደርስ «ያለፉት ክፍሎች ማስረጃ የት አለ?» መባሉ አይቀርም። የአረብኛውን ሰርተፍኬት በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሙ፤ ዋናውን ግን ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ብቻ። ስሙ በፓስፖርት፣ በሰርተፍኬትና በፋይዳ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን እዩ። አረብ አገር «ሙሐመድ» የነበረው እዚህ «መሐመድ»፣ ሌላ ቦታ «ሞሐመድ» ይሆናል። በኋላ ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ያስለቅሳል።

ከሰው የማይገጥም፣ ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ ልጅ ካለ የትምህርት ቤቱን ደረጃ እርሱትና የክፍል ኃላፊውን መምህር ምረጡ። ከበሩ አጠገብ እንዲያስቀምጠው ንገሩት። ደወሉ ከመደወሉ በፊት እንዲያውቅ። የእኛ ትንሹ ልጅ ጥቅምት ድረስ ከባድ መኪና ሐረጎ ዳገት ላይ ፍሬን ሲይዝ በሰማ ቁጥር ከጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር። መምህርቱ ምንም አላለችውም። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «ወጣህ ወይስ ልግባ?» አለችው። ሳቀ።

በዓመቱ መካከል፣ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ የደረሰ ቤተሰብ ደግሞ «ምዝገባ አልፏል» ይባላል። መስከረምን ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ግን የባሰ ነው። ርዕሰ መምህሩን ልጁ በአዳማጭነት እንዲቀመጥ ፈቃድ ጠይቁት፤ ስሙ መዝገብ ላይ ባይገባም፣ ፈተና ባይፈተንም። ዩኒፎርም አትግዙ፤ የተውሶ ይበቃል። ሰኔ ላይ ፊደሉን ይይዛል፣ ጓደኛ ያገኛል፣ ነሐሴ ላይም ለምደባ ሲቀርብ የሚያውቀው መምህር ፊት ይቆማል። ወረቀት ሲሰጠው ግን ቁጥሩን በአረብኛው ወይስ በእኛው እንደሚጽፍ ለመምህሩ ቀድማችሁ ንገሩት።